የኦምባሽ ማመልከቻ

በእኛ ሰፈር ሁለት ቃሬዛ ነበር። አንደኛው የእድሩ ነው። ከመቃብሩ በር አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል ይቀመጣል፤ ከሬሳ በቀር ማንም አይተኛበትም። ሁለተኛው አረንጓዴ ቀለም የተቀባ ነው። እሱ የታመመ ሰው የሚሄድበት ሲሆን የሚቀመጠው ኦምባሽ ቤት ነበር።

ኦምባሽ ስማቸው አይደለም። በሱዳን ጦር የአሥር አለቃ እንደ ማለት ነው። ጣሊያን ከአገር ሲወጣ ከእንግሊዞች ጋር ከመጡት ወታደሮች አንዱ ነበሩ፤ ሌሎቹ ሲመለሱ እሳቸው አሰላ ቀሩ። እኔ ነፍስ ሳውቅ በገበያው መንገድ ዳር ተቀምጠው የጋሪ ፈረስ ዕቃ የሚሰፉ፣ ረጅም፣ ጠጉራቸው የሸበተ፣ ጉንጫቸው ላይ ሦስት የቆዩ መስመሮች ያሉባቸው ሰው ነበሩ።

ክረምት ሲገባ ከሮቤ ወይም ከዲክሲስ በሽተኛ ይዞ የሚመጣ የጭነት መኪና ከተማው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጭቃ ይይዘዋል። ከጭላሎ ጥግ ካሉት መንደሮች ደግሞ መኪና የሚባል ነገር አይወጣም። እንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ሰው እየሮጠ ኦምባሽ ዘንድ ይመጣል። እሳቸው መርፌያቸውን ቆዳው ላይ ሰክተው ይነሱና መንገዱ መሐል ቆመው ይጣራሉ። ልብስ ሰፊው፣ ሥጋ ሻጩ፣ ጋሪ ነጂዎቹ ሥራቸውን ትተው ይወጣሉ። ኦምባሽ በቁመታቸው ያሰልፏቸዋል።

“አንቺ ወደ ፊት። አንቺ ረጅሟ ወደ ኋላ።”

ሰላሳ ዓመት ኖረውበትም አማርኛቸው አልተስተካከለም፤ ወንዱን ሁሉ አንቺ ነበር የሚሉት። ሥጋ ሻጩ ሁልጊዜ ይመልስላቸዋል።

“ኦምባሽ፣ ሌላ ቦታ የፈለጉትን ይበሉኝ፤ ሚስቴ ፊት ግን አንቺ አይበሉኝ። ወጥ ሥሪ ትለኛለች።”

“ሥሪ። ምን አለበት?”

ጦር ውስጥ ሥራቸው ቁስለኛ መሸከም ነበር። ሰፈሩን ያስተማሩትም እሱን ነው። ቃሬዛ የያዙ አራት ሰዎች እንደ ሰልፈኛ እግር ከገጠሙ ቃሬዛው ይወዛወዛል፤ በሽተኛው ይንገላታል። ስለዚህ እግር መግጠም ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ በራሱ እርምጃ ይሄዳል። ሰልፍ የሚከለክል ወታደር እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ሆኖም ሁሉም ተማረ።

እኔንም አንድ ጊዜ ተሸክመውኛል። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ትርፍ አንጀት ነው ተባለ። ከቤታችን እስከ ሆስፒታሉ ያለው መንገድ ጭቃ ነበር፤ ዝናቡም አላባራም። የማስታውሰው ትንሽ ነው። ኦምባሽ ከጎኔ እየሄዱ ጃንጥላቸውን ፊቴ ላይ ይዘው ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ይበሰብሳሉ። “ደረስን” ይሉኛል። ገና ነበርን። “ደረስን” ይሉኛል እንደገና። ከዳንኩ በኋላ እናቴ አመስግኚ ብላ ላከችኝ። ሱቃቸው ፊት ቆሜ መናገር አቃተኝና ተመለስኩ። በማግስቱም ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ቀን አዩኝና፣ “ሰምቻለሁ፤ ሂጂ ተማሪ” አሉኝ። ምንም አላልኩም ነበር።

ቃሬዛውን ለምን እንደ ሠሩ የነገሩኝ እሳቸው አይደሉም። የሚስታቸው ወንድም፣ ጨርቅ ነጋዴው ሀጂ ናቸው። ሚስታቸው የአርሲ ሴት ነበረች። ኦምባሽ ቆዳ ሊገዙ ኦጎልቾ በወረዱበት ቀን ምጥ ያዛት። ጎረቤቶች ሆስፒታል እንውሰዳት አሉ። በከተማው ያለው ቃሬዛ ግን የእድሩ ብቻ ነበር። የሷ እናት፣ ልጄ በሕይወቷ የሙታን አልጋ ላይ አትተኛም ብለው በሩ ላይ ቆሙ። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ በዚያን ጊዜ ማንም እናት እንደዚያው ትል ነበር። ጋሪ ሲፈለግ፣ ፈረስ ሲጫን፣ እናቲቱም ሕፃኑም አለፉ። ኦምባሽ ሲመለሱ ሁለቱም ተቀብረው ነበር። በሳምንቱ ሁለት የባሕር ዛፍ ግንድ ልጠው፣ ጆንያ ደርበው በቆዳ ሰፍተው ቃሬዛ ሠሩ። ማንም እንዳይሳሳት አረንጓዴ ቀቡት። ሌላ ሚስት አላገቡም።

ከሦስተኛ ዓመት ትምህርቴ በኋላ፣ በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ለአንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወጥቼ እንዳስተምር ተመደብኩ። የደረሰኝ አሰላ ነው። ጓደኞቼ አገር ሳታይ ቀረች ብለው አዘኑልኝ። እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ዘንድ ሄጄ ራሴን ከማስተዋወቅ በመዳኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

በኅዳር ወር አንድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ክፍል ውስጥ ደብተር ሳርም ኦምባሽ ገቡ። ኮፍያቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። በጣም አርጅተው ነበር፤ ሲተነፍሱ ደረታቸው ድምፅ ያሰማል። እጃቸው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር።

“ያ ቢንቲ፣ ይሄ ምን ትላለች?”

ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው፤ በዓረብኛ እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። አንደኛው ወረቀት ማስታወቂያ ነው። ያለ መኖሪያ ፈቃድ በከተማው የተቀመጠ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ቅጽ ሞልቶ እንዲያመለክት፣ ያላመለከተ ወይም ፈቃድ የተከለከለ ከአገር እንዲወጣ ያዛል። ሁለተኛው ቅጹ ነው።

“ውጣ ትላለች?”

“ካልተመዘገቡ ነው፣ አባባ። ካመለከቱ ይኖራሉ።”

“እኔ መኖር አይደለም የምፈልግ። ኖሬአለሁ” አሉና ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው የተማሪ ወንበር ላይ ተቀመጡ። “እዚህ መሞት ነው። ከሷ ጎን ቦታ አለኝ። ሀጂ ሰጥቶኛል፤ ድንጋይ አስቀምጠንበታል። ይሄንን ጻፊ።”

ቅጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት።

“እሱን የሚጠይቅ መስመር የለም።”

“የለም?” ገረማቸው። “ታዲያ ምን ትጠይቃለች?”

የትውልድ ቦታ፣ የትውልድ ዘመን፣ የወላጆች ስም፣ ወደ አገር የገቡበት ሁኔታ፣ የቀድሞ ሥራ። አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። መጀመሪያ በሌላ ወረቀት ረቂቅ እንድሠራ፣ ከዚያ በንጹሕ እንድገለብጠው ወሰንኩ። ሁልጊዜ የምሠራው እንደዚያ ነው።

እነዚያን ጥያቄዎች የጠየቃቸው ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም መሰለኝ። ስለ ጦሩ የሚጠይቃቸው ብዙ ነው፤ የእናታቸውን ስም የጠየቀ ግን የለም። ከዶንጎላ አጠገብ የዓባይ ዳር መንደር ተወለዱ። አባታቸው ጀልባ ነበራቸው። እናታቸው የቴምር ዛፎቿን በስም ትጠራ ነበር። አንዲት ታናሽ እህት ነበረቻቸው፤ ትኑር አትኑር አያውቁም። ጦር የገቡት ጀልባዋ ከተሰበረች በኋላ ነው። በግመል ተጉዘው በምዕራብ በኩል ገቡ። በመንገድ ላይ ስለ ሞቱት ግመሎች ብዙ ነገሩኝ፤ ስለ ሰዎቹ አልነገሩኝም። ድል ከሆነ በኋላ የጣሊያንን መሣሪያ ለመሰብሰብ ወደ አርሲ ከመጡት ጋር አሰላ ደረሱ። እኔ እጽፋለሁ፤ እሳቸው እያቆሙ ይጠብቁኛል። መሽቶ ፊደሉ እስኪደበዝዝ ድረስ እንደዚያ ቆየን። ደስ ብሏቸው ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

“ከጦሩ የተሰናበቱበት ወረቀት አለዎት?” አልኩ።

ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት።

“ወረቀት የለም። እነሱ ወጡ፤ እኔ አልወጣሁም። ንዳድ ይዞኝ የሀጂ አባት ቤት ተኝቼ ነበር። ወተት የምታመጣልኝ እሷ ነበረች። ተሻለኝ። መሄድ እችል ነበር። አልሄድኩም።”

“ሳይፈቀድልዎት ቀሩ ማለት ነው?”

“ይሄንንም ትጽፊያለሽ?”

“እውነቱን ከጻፍን የሚያስፈራ ነገር የለም” አልኳቸው።

ያን ጊዜ አምንበት ነበር። ከማን እንደ ሰማሁት አላውቅም። አባቴ ሃያ ዓመት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ አንድም ቀን እንዲህ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

ኦምባሽ እጄን አዩ፤ ከዚያ ፊቴን አዩ። “አንቺ ካልሽ ጻፊ” አሉ። ‘የጦሩ ክፍል ሲመለስ ያለ ፈቃድ ቀርተው’ ብዬ በቀጥታ መስመር፣ አንድም ስርዝ ሳይኖርበት ጻፍኩ። በዓረብኛ ፈረሙበት። ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ሀጂ ቤታችን መጡ። አባቴ ተነስቶ ወንበር ሰጣቸው። እሳቸው ግን ወደ እኔ ዞሩ።

“ኢንታላኮ” አሉኝ፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለት ነው። “ኦምባሽ የት ነው የተወለደው?”

“ዶንጎላ አጠገብ።”

“እኔ ደግሞ ከሁለት ሽማግሌ ጋር ምዝገባው ቢሮ ሄጄ፣ አሶሳ ነው የተወለደው፣ ያገራችን ሰው ነው ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። መልኩ ያው፣ ዓረብኛው ያው። ማን ይለየዋል? ጸሐፊው ሊያምነን ነበር። ብዕሩን አንስቶ ነበር። ከዚያ አንዱ የቢሮው ሠራተኛ መጣና ያንቺን ወረቀት ከፊቱ አስቀመጠለት።” ጥቂት አሰቡ። “ጽሕፈትሽ ግን ያምራል። እኔ እንኳ ያለ መነጽር አነበብኩት።”

አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

“ለምን አልጠየቅሽኝም?”

“ቢሮ ነበሩ።”

“ማታ እቤት አልነበርኩም?”

“ቅጹ የጠየቀውን ነው የመለስኩት፣ አባዬ።”

“ቅጹ የከዳ ወታደር ነህ ወይ ብሎ ጠየቀ?”

ሀጂ ናቸው ያዳኑኝ።

“ተዋት፣ ጌታው። ጥፋቱ የኛም ነው፤ አስቀድመን አልነገርናትም። ለሱማ ብንነግረው ይሰድበናል። እኔ የዓባይ ልጅ ነኝ፣ አሶሳን በካርታ እንኳ አላውቅም ይላል።”

ሁለቱም ሳቁ፤ ሳቁ ግን ወዲያው አለቀ።

ከገና በኋላ ኦምባሽ አዲስ አበባ በአካል እንዲቀርቡ ታዘዙ። ሀጂ አብረዋቸው ሄዱ። እዚያ ከጦሩ የስንብት ወረቀት አምጣ ተባሉ። ያ ጦር ከፈረሰ ስንት ዓመቱ ነው። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ተጠሩ፤ እንደገና ያንኑ ወረቀት ጠየቋቸው። ከእያንዳንዱ መንገድ ሲመለሱ ሳላቸው ብሶ ይመለሳል።

አባቴና እኔ ሁለተኛ ማመልከቻ አዘጋጀን። ይኼኛው አጭር ነበር፤ አባቴ ቃል በቃል እየነገረኝ ጻፍኩት። ሽማግሌው በዚህ ከተማ ከሃያ ዓመት በላይ በሽተኛ ሲያመላልሱ እንደኖሩ፣ ሚስታቸውና ልጃቸው እዚህ እንደተቀበሩ ይናገራል።

“ዘበኛ ጋ እንዳትተዪው” አለኝ። “እዚሁ ከተማ ላለው የቢሮው ኃላፊ ገብተሽ በእጅ ስጪ። በቃልሽም ንገሪው። ስለ ቃሬዛው ንገሪው፤ አንቺም የሄድሽበት መሆንሽን ንገሪው። የሚያራራው እሱ ነው። እኔ ከጸሐፊው ጋር የቆየ ጠብ አለኝ፤ ብሄድ ይበላሻል።”

ሄድኩ። በግቢው በር በኩል የኃላፊው መስኮት ይታያል፤ ሦስት ሰዎች ከሱ ጋር ውስጥ ሆነው ጮክ ብለው ይስቃሉ። ሲወጡ እገባለሁ ብዬ ቆምኩ። ሁለቱ ወጡ። የምናገረውን በልቤ ደገምኩት፤ እንደ ተማሪ ነበር የያዝኩት። ከዚያ ሦስተኛውም ወጣ። ኃላፊው ብቻውን ቀረ። ዘበኛው፣ “እቴ፣ ግቢ እንጂ” አለኝ።

“ይሄን ይስጡልኝ” አልኩና ፖስታውን እጁ ላይ ትቼ ተመለስኩ። አባቴ ሲጠይቀኝ ሰጥቻለሁ አልኩት። ለማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ፖስታው ከኃላፊው ይድረስ አይድረስ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ዘንድሮ ያ መሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ ተለዋውጦበታል፤ ልጠይቅ ብል እንኳ የሚያስታውስ የለም።

ሐምሌ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠሩ። ሀጂ ሮቤ ለቅሶ ሄደው ነበርና ኦምባሽ አልጠብቅም፣ ቀኑ ያልፍብኛል ብለው ብቻቸውን ተነሱ። ጠዋት አውቶቡሱ ጋ ስደርስ ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ከበዋቸው ነበር። ዝናቡ ቀጭን ነው። ሥጋ ሻጩ ሽርጡን እንደ ታጠቀ መጥቷል።

“ቶሎ ይመለሱ እንጂ” ይላቸዋል። “እርስዎ ከሌሉ እነዚህ እግር መግጠም ጀምረዋል። ትናንት አንዷን አሮጊት እንደ ቅል አንጓጓናት።”

“አንቺ ነሽ የምትገጥሚ” አሉት። “አውቅሻለሁ።”

እኔን ሲያዩ ጠጋ አሉ። ስንብት የሚመስል ነገር ይናገራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ሊያስደስቱኝ የፈለጉ ይመስለኛል።

“ያ ቢንቲ፣ አዲስ አበባ ያለው ሹም ባለፈው ምን አለኝ? ይሄን የጻፈው ማን ነው አለኝ። እንዴት ያለ ንጹሕ ጽሕፈት ነው አለ። የኛ ከተማ ልጅ ናት አልኩት።”

አብሬዎት ልሂድ ልላቸው አስቤ ነበር። ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፤ የሚያግደኝ ነገር አልነበረም። አውቶቡሱ ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ተጨናንቀው ተቀምጠዋል፤ አዲስ አበባ ስንደርስ ከሹሙ ፊት የምናገረው እኔ እሆናለሁ። “በሰላም ይግቡ” አልኳቸው።

በስድስተኛው ቀን አንድ ሾፌር ለሀጂ ሱቅ መልእክት አመጣ። ኦምባሽ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ናዝሬት ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ከአውቶቡስ ወርደዋል። መስጊድ አጥር ሥር አስቀምጠዋቸው ውኃ ሲያመጡላቸው አረፉ። የማያውቋቸው ሰዎች አጥበው፣ ገንዘው፣ በዚያው ቀን ሳይመሽ ቀበሯቸው። ደግ ሠሩ፤ ሃይማኖታቸው የሚያዘው እንደዚያ ነው። መልእክቱ የደረሰው ግን ከተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ነው።

ሀጂ ከሮቤ እንደ ተመለሱ ሥጋ ሻጩንና ልብስ ሰፊውን ይዘው ሄዱ። የኦምባሽን አስከሬን ይዘው ሊመለሱ አስበው ነበር። የናዝሬት ሽማግሌዎች በትሕትና ተቀበሏቸው፤ አበሉዋቸው፤ መቃብሩን አሳዩዋቸው። የተቀበረን ማንሳት ግን አይፈቀድም አሉ። ሀጂ ብዙ አልተከራከሩም። እሳቸውም ያውቁታል።

ከኪሳቸው የተገኘውን ወረቀት ሀጂ ለአባቴ አሳዩት። ‘ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው’ ይላል፤ ማኅተም አለበት። ውጣም አላሏቸው፤ ኑርም አላሏቸው።

ለቅሶው ሀጂ ግቢ ውስጥ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ወንዶቹ በአንድ ወገን፣ ሴቶቹ በሌላ ወገን። ክርስቲያኑም እስላሙም መጣ። በመጨረሻው ቀን ከጭላሎ ጥግ የወረዱ ገበሬዎች ግቢውን ሞሉት፤ ብዙዎቹ አንድ ጊዜ በዚያ ቃሬዛ ላይ ተኝተው ያውቃሉ፣ ወይም እናታቸው፣ ወይም ሚስታቸው። እኔ ከሴቶቹ ጫፍ፣ ከአጥሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሦስቱንም ቀን መጥቻለሁ። እናቴ ይበቃሻል ብላኝ ነበር።

ከጎኔ የተቀመጡት አሮጊት ከሩቅ የመጡ ናቸው፤ ልብሳቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። ሳለቅስ አይተውኝ ኖሯል። ዞር ብለው የሀጂን ሚስት ጠየቋቸው፤ እኔን ግን አልጠየቁኝም።

“ይቺ ልጅ ምኑ ናት?”

የሀጂ ሚስት ሁሉንም ያውቃሉ። ስለ አሶሳውም፣ ስለ ወረቀቱም ባላቸው ነግረዋቸዋል። እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

“መምህር ናት” አሉ። “እንዳያስወጡት ማመልከቻ የጻፈችለት እሷ ናት።”

ልናገር አፌን ከፈትኩ። አሮጊቷ ግን ቀኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ከንፈራቸው አስጠግተውት ነበር። ጣቶቼን አንድ በአንድ እየነኩ በኦሮምኛ መመረቅ ጀመሩ። ይህች እጅ አትዛል፣ የጻፈችው ሁሉ ይድረስ፣ ለወገን አልባው እንደ ደረሰች ሰው አይጣባት አሉ። በዙሪያው ያሉት ሴቶች ድምፃቸውን ቀንሰው አሜን ይላሉ። የሀጂ ሚስት መሬት መሬት ያያሉ።

ምርቃቱ ሲያልቅ አሮጊቷ እጄን ሳይለቁ ፊቴን ጠበቁ።

“አሜን” አልኩ።